ከጎን ክፍል ያለችው እናት

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ልብ ወለድ አልጨረስኩም ነበር። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ነጠላ ሰረዝ ስተክል፣ ድርብ ሰረዝ ስነቅል እውላለሁ። ማታ ለራሴ ብዬ መጽሐፍ ስገልጥ ዓይኔ ታሪኩን ትቶ ስሕተት ፍለጋ ይሄዳል። ሃያኛው ገጽ ላይ ስደርስ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ረስቼዋለሁ፤ ሦስት ቦታ የተዛነፈውን ግስ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ። አልጋዬ አጠገብ የተቆለሉት መጻሕፍት በየወሩ ቁመት ይጨምሩ ነበር። ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም የተመሰገኑ፣ ሁሉም ሠላሳኛው ገጽ አካባቢ ቁራጭ ወረቀት የተሰካባቸው።

ከዚህ ድርቅ ያወጡኝ የእህቴ ልጅ ጥላቸው የሄደች አምስት መጻሕፍት ናቸው። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ረጅሙን የትምህርት ቤት ዕረፍት እኔ ጋ አሳለፈች፤ እናቷ ቤት መልክ መያዝ ያለበት ጉዳይ ስለነበረ አክስቷ ጋ ብትሰነብት ይሻላል ተብሎ ነው። ስትመለስ ሻንጣዋ አልዘጋ አላት፤ በልብስና በመጻሕፍት መካከል በተደረገው ትግል ልብሱ አሸነፈ።

ሽፋኖቹን አይቼ ፈገግ አልኩ። አንዱ ላይ ውኃ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ጥንድ ባዶ እግሮች፣ ሌላው ላይ አጥር የተደገፈ ብስክሌት፣ ሦስተኛው ላይ ፊታቸው የማይታይ ሁለት ልጆች በሣር ላይ ተጋድመው። ርዕሶቹ ሁሉ በእጅ የተጻፉ በሚመስሉ ፊደላት። በእንግሊዝኛ “ያንግ አደልት” የሚሏቸው ናቸው፤ በግምት ከ12 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው አንባቢዎች የሚጻፉ። “ኮንቴምፖራሪ” የሚል ቅጽል ከተጨመረ ደግሞ ዘንዶ የለም፣ አስማት የለም፣ ዓለምም አትጠፋም ማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በእኛው ዘመን፣ በር ተንኳኩቶ በሚገባበት ተራ ቤት ውስጥ ነው።

አንዱን መደርደሪያ ላይ ላኖረው አነሣሁና ቆሜ የመጀመሪያውን ገጽ አየሁት። ከዚያ ተቀመጥኩ። ሌሊቱ ሲጋመስ ገጽ 180 ላይ ነበርኩ። በማግስቱ ምሽት አለቀ። ሁለት ዓመት አልሆን ያለኝ ነገር በአንድ ቀን ተኩል ሆነ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

እዚህ ላይ የቃል ጣጣ አለብኝ። መጻሕፍቱ የሚተርኩት “ሰመር” ስለሚሉት ወቅት ነው። ፀሐዩን አስቤ “በጋ” ብለው ዕረፍቱ ያመልጠኛል፤ ዕረፍቱን አስቤ “ክረምት” ብለው ዝናቡን ይዞብኝ ይመጣል። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም፤ ፀሐይዋም የተቀጠረችው ለዕረፍቱ ጊዜ ብቻ ይመስላል። መዝገበ ቃላት ያላስታረቀውን እኔ ላስታርቅ አልችልምና “ዕረፍት” ስል ሁለቱንም ማለቴ እንደሆነ ይያዝልኝ።

ሦስተኛውን መጽሐፍ ስጨርስ አንድ ነገር ገባኝ፦ ዕረፍቱ ለእነዚህ ደራስያን የመቼት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩን የሚነዳው ሞተር እርሱ ነው። ትምህርት ቤት ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚሰማ፣ ማን እንደሚሳቅበት የሚወስን ትንሽ መንግሥት ነው። በሩ ሲዘጋ ሹመቱ ሁሉ ይሻራል። በክፍል ውስጥ ስሟ የማይታወቅ ልጅ ልብስ መሸጫ ውስጥ የእረፍት ሥራ ትይዛለች፣ እዚያ የሚያገኟት ሰዎች ትናንት ማን እንደነበረች አያውቁም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው መሆን ትችላለች። ደራሲዎቹ ይህን በደንብ ያውቃሉ። ገጸ ባሕርይዋን በመጀመሪያው ምዕራፍ ከምታውቀው ቦታ ይነቅሏታል፦ ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ አያቷ ቤት፣ ወደ ባሕር ጠረፍ፣ አንዳንዴም በመኪና አገር ለአገር።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ዕረፍት የሚያልቅበት ቀን መታወቁ ነው። ሌሎች ልብ ወለዶች አንባቢን ለማስጨነቅ ገዳይ ይፈልጋሉ፣ ጦርነት ይፈልጋሉ፤ እነዚህ የቀን መቁጠሪያ ይበቃቸዋል። ስድሳኛው ገጽ ላይ የተዋወቁ ሁለት ልጆች ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ እንደሚለያዩ ያውቃሉ፤ እኛም እናውቃለን። በቀኝ እጄ የያዝኳቸው ገጾች ሲሳሱ የልጆቹም ቀን ይሳሳል። መጽሐፍን እንደ ዕቃ የመያዝ ነገር ይህን ያህል ከታሪኩ ጋር የተጋባበት ሌላ የልብ ወለድ ዓይነት አላውቅም። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞን እየተካ የሚሄድ፣ የመጨረሻ ቀን የሌለው ዓመት የምኖር ሰው ነኝ። በቁርጥ ያለ ጊዜ፣ ሲያልቅ የሚታይ ጊዜ እንዴት ናፍቆኝ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በሥራዬ ጠባይ የዘሩን ሐረግ ፍለጋ ገባሁ። ብዙዎች የዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ መነሻ አድርገው የሚጠቅሱት ሞሪን ዴሊ እ.ኤ.አ. በ1942 ያሳተመችው “ሴቨንቲንዝ ሰመር” ነው፤ ርዕሱ ራሱ “አሥራ ሰባተኛው በጋ” እንደ ማለት ነው። አንጂ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ኮሌጅ እስክትገባ ባለው ዕረፍት ጃክ ከሚባል ወጣት ጋር ትዋደዳለች፤ ዕረፍቱ ሲያልቅ ትሄዳለች። ይኸው ነው። ደራሲዋ መጽሐፉ ሲወጣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። የገረመኝ ግን ሲታተም የአዋቂዎች መጽሐፍ ተብሎ መውጣቱ ነው፤ ለአፍላ ወጣቶች የሚባል መደርደሪያ ገና አልተሠራም ነበር። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ክፍል ለብቻው ያቋቋመው በ1957 ነው፤ በዓመቱ ምርጥ ለተባለ የወጣቶች መጽሐፍ የሚሰጠው የፕሪንዝ ሽልማት ደግሞ የተጀመረው በ2000 ነው። መደርደሪያው ከመጽሐፉ ዘግይቶ መጣ ማለት ነው።

በዕረፍት ቀላል መጽሐፍ የማንበብ ልማድ ከዚህም ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር ሰውን ወደ ባሕር ጠረፍና ወደ ተራራ ማረፊያ ማመላለስ ሲጀምር አሳታሚዎች ቀለል ያሉ፣ በርካሽ ወረቀት የተጠረዙ ልብ ወለዶችን “ለዕረፍት ንባብ” እያሉ ያስተዋውቁ ነበር። ወዲያው ደግሞ ተግሣጹ ተከተለ። ታልሜጅ የተባለ ዝነኛ አሜሪካዊ ሰባኪ በሐምሌና በነሐሴ የሚነበበው ቆሻሻ በቀሩት አሥር ወራት ከሚነበበው ሁሉ ይበልጣል ብሎ እስከ መናገር ደርሶ ነበር። ሰውዬው አልጋዬ አጠገብ የነበረውን ክምር ቢያይ ምናልባት ይደሰት ነበር፤ ያልተነበቡ መሆናቸውን እስኪያውቅ ድረስ።

ልብ በሉ፣ ሁሉም ጥሩ ናቸው አላልኩም። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ አነበብኩ፤ ከሦስት አንዱ መካከለኛ፣ ከአምስት አንዱ የማይረባ ነበር። የማይረቡትን የምለያቸው በወንዱ ልጅ ነው። እንከን የሌለው ከሆነ፣ ጊታር የሚጫወት ከሆነ፣ ያለፈ ሐዘን ኖሮበት ሐዘኑ ፊቱን ከማሳመር ሌላ ሥራ ከሌለው፣ ደራሲዋ ተኝታ ነበር። በሽታን እንደ ጌጥ የሚሰኩም አሉ፤ ለእነርሱ ትዕግሥት የለኝም። ደግሞ “መያዟን ያላወቀችውን ትንፋሽ ለቀቀች” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ይህ ዘርፍ ያለ እርሱ መቆም የማይችል ይመስላል። በአንድ የዕረፍት ወቅት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ማንም ትንፋሹን እያወቀ አይዝም።

ጥሩዎቹ ግን የአርታኢ ዓይኔን አስተኙት። እንዴት እንዳስተኙት ለማወቅ አንዱን እንደ ሥራ አነበብኩት። አብዛኛዎቹ የሚተረኩት በአንደኛ መደብ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአሁን ጊዜ ግስ፦ እወጣለሁ፣ አየዋለሁ፣ ዞር እላለሁ። ተራኪዋ ነገ ምን እንደሚመጣ አታውቅም፤ አዋቂ ሆና ወደ ኋላ እየተመለከተች አትመክረንም። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው። ምልልሱ ፈጣን ነው፤ ሰዎቹ የሚፈልጉትን ሳይሆን ከሚፈልጉት አጠገብ ያለውን ይናገራሉ፤ የሚወደውን ልጅ “ብስክሌቴን መልሺ” የሚለው ዓይነት። ይህን መጻፍ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ከባድ ዓረፍተ ነገርን ማቃለል የዕለት ሥራዬ ስለሆነ፣ ተቃልሎ የመጣ ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደተሠራ አውቃለሁ።

እንግዲህ ወደ እናትየዋ ልምጣ።

በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አላየኋትም። ማንም አያያትም፤ እንዳትታይ ሆና ነው የተሠራችው። ወላጅ በቅርብ ከቆመ ታሪኩ አይራመድም፤ ሌሊት በመስኮት የምትወጣ ልጅ ተጠርታ ትመለሳለች፣ ነገሩ ሁሉ በምዕራፍ ሁለት ያልቃል። ስለዚህ ደራሲዎቹ ወላጆችን ገና ከጅምሩ ከመንገድ ያነሷቸዋል። ኤስ. ኢ. ሂንተን በአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምራ በ1967 ያሳተመችው “ዘ አውትሳይደርስ” ውስጥ የሦስቱ ወንድማማቾች እናትና አባት በመኪና አደጋ ሞተዋል፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው የሃያ ዓመቱ ታላቅ ወንድም ነው። የዕረፍት ልብ ወለዶች እንዲህ አይጨክኑም። እናትን አይገድሏትም፤ ሥራ ያበዙባታል። ስልክ ላይ ናት። ደክሟት ተኝታለች። ከጎን ክፍል ናት።

ከሳራ ዴሰን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን “አሎንግ ፎር ዘ ራይድ” ሳነብ ነው ቆም ያልኩት። ኦደን የምትባል እንቅልፍ የማይወስዳት ጎበዝ ተማሪ ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት ያለውን ዕረፍት አባቷ አዲሷን ሚስቱን ይዞ ወደሚኖርበት የባሕር ጠረፍ ከተማ ሄዳ ታሳልፋለች። በልጅነቷ ያመለጣትን ሁሉ፣ ብስክሌት መንዳትን ጨምሮ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ሌሊት ሌሊት እየዞረች ትማራለች። ደስ የሚል መጽሐፍ ነው። እኔ ግን ከመቶኛው ገጽ በኋላ ኦደንን መከተል አቆምኩ። ቤት ውስጥ ሃይዲ አለች፤ የእንጀራ እናቲቱ። በእቅፏ የማያቋርጥ ልቅሶ የምታለቅስ አራስ ልጅ አለች። ባሏ መጽሐፌን እየጻፍኩ ነው ብሎ በር ዘግቷል። ኦደን ሌሊት ልትወጣ በኮሪደሩ ስታልፍ ሃይዲ ሕፃኗን ይዛ ትንጎራደዳለች። ልጅቱ ወደ ባሕሩ ትወጣለች፤ ታሪኩም አብሯት ይወጣል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ።

ለፍትሕ ያህል፣ ዴሰን ሃይዲን አልረሳቻትም፤ ኦደንም ቀስ በቀስ ታያታለች። ግን ያኔ የገባኝ ነገር ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ሁሉ ቀየረው። እነዚህን መጻሕፍት ቀላል የምንላቸው ክብደት ስለሌለባቸው አይደለም፤ ክብደቱን ሌላ ሰው ስለያዘው ነው። በእያንዳንዱ ፀሐያማ ታሪክ ውስጥ ልጅቱ እጆቿን እያወዛወዘች እንድትሄድ ዕቃውን የተቀበለ አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚሸከመው። ከዚያ ወዲህ አዲስ መጽሐፍ ስጀምር መጀመሪያ የምፈልገው በሩን ነው።

በሚቀጥለው ዕረፍት የእህቴ ልጅ ስትመለስ መጻሕፍቷን ማንበቤን ደረሰችበት። የጠቆመብኝ የቡና ቀለበት ነው፤ አንዱ ሽፋን ላይ ስኒዬ የቀረው። ተቆጣችም፣ ደስም አላት። ወዲያው እንደ መርማሪ አፋጠጠችኝ፦ የትኛውን ልጅ ነው የመረጥሽው?

ነገሩ ከጄኒ ሃን መጽሐፍ ነው፤ “ዘ ሰመር አይ ተርንድ ፕሪቲ” የሚባለው፣ እርሱም በ2009 የወጣ። ቤሊ የምትባል ልጅ በየዓመቱ ዕረፍቷን ከእናቷና ከወንድሟ ጋር የእናቷ የልብ ጓደኛ በሆነችው በሱዛና ቤት ታሳልፋለች። ሱዛና ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ኮንራድና ጀረማያ። አንባቢዎች ከሁለቱ በአንዱ ይቧደናሉ፤ ነገሩ በ2022 ተከታታይ ፊልም ሆኖ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቡድኑ የእግር ኳስ ያህል ሆኗል። (መጨረሻውን ማወቅ የማይፈልግ የሚቀጥሉትን ጥቂት አንቀጾች ይዝለል።)

“እኔ የመረጥኩት እናቶቹን ነው” አልኳት።

ዓይኗን አጉረጠረጠች። እኔ ግን ማለቴ ነበር። ቤሊ ማን እንዳያት፣ ማን እንዳላያት ስታሰላ ሱዛና ታማለች፤ ካንሰሩ ተመልሶባታል። ሁለቱ ሴቶች ያውቃሉ። ቤሊ አታውቅም። ዕረፍቱ እንደ ወትሮው እንዲያልፍ፣ ልጆቹ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ እንደ ወትሮው እንዲዋኙ፣ ሁለቱ ሴቶች ፊታቸውን አስተካክለው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባሉ። መጽሐፉ በቤሊ ዓይን ስለሚተረክ የሁለቱን ንግግር አንሰማም። ተከታታይ ፊልሙ ይህን ቀዳዳ አይቶታል፤ እናቶቹ እዚያ የራሳቸው ትዕይንት አግኝተዋል። እኔ ግን መጽሐፉን እመርጣለሁ። በሩ ሲዘጋ ነው የሚበረታው።

“ሊነግሯት ይገባ ነበር” አለች የእህቴ ልጅ።

“ስንት ዓመቷ ነው? አንድ ዕረፍት በሰላም ትረፍ ብለው ነው።”

“አክስቴ፣ ውሸት እኮ ነው። ዕረፍቱ በሙሉ ውሸት ሆነባት።”

“የዋኘችው ውሸት ነው? የሳቀችውስ?”

ትንሽ አሰበች። “አንቺ መጽሐፉን ያነበብሽው በተሳሳተው ወገን ቆመሽ ነው” አለችኝና ስልኳን አነሣች። ከማውቃቸው ሃያሲዎች እንዲህ ያለ አጭር ፍርድ የሰጠኝ የለም።

ያልኳትን ለምን እንዳልኩ አልነገርኳትም። የመጀመሪያውን ዕረፍት እኔ ጋ ስታሳልፍ እናቷና አባቷ እየተለያዩ ነበር። እህቴ በየምሽቱ ትደውላለች። እኔ ስልኩን ይዤ መኝታ ቤት እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ቤቱ ለማን ይሆናል፣ ልጅቱ ከማን ጋር ትኖራለች፣ መቼ ይነገራት። ስወጣ ልጅቱ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ እያነበበች ነው፤ ባዶ እግሮች ያሉበትን ሽፋን አስታውሰዋለሁ። “ማን ነው?” ትላለች ቀና ሳትል። “የሥራ ጉዳይ” እላለሁ። ከዚያ አብረን እንስቃለን፣ ፊልም እናያለን። ለእርሷ ቀላል ዕረፍት ነበር። ቢያንስ እንዲህ ብዬ ነበር የማስበው።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ቤቷ ስትመለስ ነገሯት።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሩት ግራሃም የተባለች ጸሐፊ “ስሌት” በተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ አዋቂዎች ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ ሲያነቡ ሊያፍሩ ይገባል ብላ ጽፋ ብዙ ሰው ተነሣባት። ጽሑፏን ፈልጌ አነበብኩት፤ ከተነሡባት ሰዎች ይልቅ እርሷ የተሻለ የምታስብ መስሎኛል። አንዱ ክርክሯ እነዚህ መጻሕፍት አዋቂ አንባቢ የበሰለ ዓይኑን እንዲተው ይጠይቁታል የሚል ነው። ትክክል ነው፣ ይጠይቃሉ። መታዘዝ ግን ግዴታ አይደለም። እኔ ዓይኔን ይዤ ገባሁ፤ ደራሲዋ ባላበራችው ጥግ አየሁበት።

ብቻዬንም አልነበርኩም። ቦውከር የተባለው የመጻሕፍት ገበያ አጥኚ ድርጅት በ2012 በአሜሪካ ገበያ ላይ ባወጣው ጥናት ከ12 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ተብለው ከሚታተሙ መጻሕፍት ገዢዎች 55 በመቶው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ፤ ትልቁ ምድብ ከ30 እስከ 44 ዓመት ያሉት ሲሆኑ የሽያጩን 28 በመቶ ይዘዋል። ለልጆቻቸው ገዝተው ይሆናል እንዳይባል፣ ከእነዚህ አዋቂዎች ግዢ 78 በመቶው ለራስ ንባብ እንደነበረ መልሰዋል። ስንቶቻቸው ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልለው እንዳነበቡ አልተጠየቁም።

ልጆች ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚያነቡት። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ አሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ማንበብ ትፈልጋለች፤ ነገ የምትገባበትን ቤት በመስኮት እንደ ማየት ነው። እኛ ወደ ታች እናነባለን። እንግዲህ አሥራ ሰባት ዓመት ላይ ቆማ በሁለት ወገን የምትታየዋ ልጅ ራሷ ምን ታነባለች?

ዘንድሮ አወቅሁት። የእህቴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። መጣች፤ ከሻንጣዋ የወጡት ሽፋናቸው ጥቁር፣ ፊደላቸው ደቃቅ፣ ሁሉም ሰው የሚሞትባቸው መጻሕፍት ናቸው። የአሮጌዎቹን ሣጥን ሳሳያት “እነዚህ እኮ የልጆች ናቸው፤ ላንቺ ይሁኑ” አለች። ውርስ የተቀበልኩት ከእርሷ መሆኑ አሳቀኝ። የዕረፍት ሥራ ይዛለች። አንድ ልጅም አለ መሰለኝ፤ ስልክ ሲደወል መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች።

አንድ ምሽት ሣጥኑን እያስተካከልን ሳለ የሃንን መጽሐፍ አነሣችና ጀርባውን አየች።

“እናቶቹን ነበር የመረጥሽው” አለች።

“አሁንም እነርሱን ነው።”

“እኔ እኮ እሰማ ነበር።” መጽሐፉን ነው የምታየው እንጂ እኔን አይደለም። “የዚያን ጊዜ። የእዚህ ቤት በር ቀጭን ነው። ያነበብሁት ያልሁሽን ግማሹን አላነበብኩትም፤ ገጹን እገልጥ ነበር እንጂ።”

ምን እንደምል አላወቅሁም። ሰባት ሳምንት ሙሉ እኔ በሩን ዘግቼ፣ እርሷ ገጽ እየገለጠች፣ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን ዕረፍቱን ስንጠብቅ ኖረናል ማለት ነው። “ለምን አልጠየቅሽኝም?” ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እርሷም ያንኑ ልትጠይቀኝ እንደምትችል ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ከሣጥኑ ሥር ብስክሌት ያለበትን መጽሐፍ አወጣች። ገጽ 212 ላይ የአውቶቡስ ትኬት ተሰክቶበታል፤ ያኔ የመጣችበት። ለመጨረስ ሰባ ገጽ ያህል ይቀረዋል።

“ይኼን ደግሞ እውነት እያነበብኩት ነበር” አለች።

“ታዲያ ምነው ተውሽው?”

“ዕረፍቱ አለቀብኝ።”

ትኬቱን ነቀለችና ሰጠችኝ፤ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ገጽ 212ን ገለጠች።